አንድ እህል፣ ብዙ ወፍጮ

ትንሿ ላፕቶፕ ሁለት መስመር ጽፋ ቀጥ አለች። መምህሩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና እንግሊዝኛውን እየተረጎሙ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ይህ ከርነል ኤክስ 86-64 ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ያገኘሁት ግን አይ 686 ብቻ ነው። ማስነሳት አልተቻለም፤ ለፕሮሰሰርህ የሚስማማ ከርነል ተጠቀም።»

«ትናንት ማታ ቤቴ ሆኜ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ይህንኑ ነው የጻፈችልኝ» አሉ ቀና ብለው። «ምን አበላሸሁ?»

«ምንም አላበላሹም መምህር። ማሽኗ እውነቷን ነው የነገረችዎት» አለች ወጣቷ ባለሙያ።

እንጅባራ ከሰዓቱን በጉም ተጠቅልላ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ዝናቡ ካባራ በኋላም ብርዱ ይቆያል። ሁለቱ የተገናኙት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና በሚሠራበት አንድ ቤት ውስጥ ነው። መምህሩ ከዳንግላ ተነስተው በአዲስ ቅዳም በኩል በሚኒባስ መጥተዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ልጅቱንም ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አስተምረዋታል። በቦርሳቸው ሁለት ላፕቶፕ ይዘዋል። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያውን ካጥለቀለቁት ትንንሽ ኔትቡኮች አንዷ ስትሆን፣ ኢንቴል አተም ኤን 270 የሚባል ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ራም አላት። ሁለተኛው አዲስ ነው። በሁለቱም ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ጭነው የልጅ ልጆቻቸውን ሊያስተምሩ ያስባሉ።

«አዲሱስ ተነስቷል፤ እሱ ላይ ግን ሌላ ግራ የገባኝ ነገር አለ» አሉ። «ከኪቦርዱ ሥር የተለጠፈው ‹ኢንቴል› ይላል። ያወረድኩት ፋይል ስም ደግሞ ‹ኤ ኤም ዲ 64›። ኤ ኤም ዲ የኢንቴል ተፎካካሪ ኩባንያ አይደለም እንዴ? የሰው ጫማ አጥልቄ እየሄድኩ እንዳይሆን።»

«ይህን ጥያቄ የማያነሳ ጀማሪ የለም» አለች ልጅቱ ወንበሯን እየሳበች። «ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ሜጋ የፈጀባቸውን ፋይል ‹የእኔ አይደለም› ብለው የሚያጠፉም አሉ። ነገሩ የታሪክ ነው መምህር። በየቤቱ የነበረው ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ 32 ቢት ነበር። ኢንቴል ወደ 64 ቢት ለመሻገር ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ2001 ኢታኒየም የሚባል ፕሮሰሰር አወጣ። ኢታኒየም ግን የድሮውን የትእዛዝ ቋንቋ ትቶ አዲስ ቋንቋ የጀመረ ነው። ኤ ኤም ዲ ደግሞ የድሮውን ቋንቋ እንዳለ ይዞ አሰፋውና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 ኦፕቴሮን በሚባለው ፕሮሰሰር ይዞት መጣ። ገበያው ወደ ኤ ኤም ዲ አደላ። በዓመቱ ኢንቴል ራሱ ያንኑ ዘዴ ተቀበለ። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ስሙን በቀዳሚው ጠሩት፤ ስለዚህ ‹ኤ ኤም ዲ 64› ማለት ኩባንያው ማለት ሳይሆን ቋንቋው ማለት ነው። የእርስዎም ኢንቴል ይህንኑ ቋንቋ ይናገራል።»

«ትንሿስ?»

«ትንሿ አትናገርም። ኤን 270 32 ቢት ብቻ ነው። እርስዎ ግን የ64 ቢቱን ፍላሽ ሰኩባት።»

መምህሩ ዝም ብለው ስክሪኑን ተመለከቱ። «እኔ እኮ ሊኑክስ ሊኑክስ ነው ብዬ ነው» አሉ።

ልጅቱ የ32 ቢት ዴቢያን 12 ያለበትን ፍላሽ ከመሳቢያዋ አውጥታ ኔትቡኳ ላይ ሰካች። ማሽኗ ዝግ ስለሆነች ጭነቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ወጉም በዚያው ቀጠለ።

«መምህር፣ ‹ፓኬጅ› ሲባል መጀመሪያ ምን ይመጣብዎታል?»

«የኢንተርኔት ፓኬጅ ነዋ፤ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር። ከእሱ በፊት ደግሞ የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ።»

«ለእኛ ሁለተኛው ይቀርባል። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የአጠቃቀም ምክሩ አብሮ ነበር የሚመጣው። ሊኑክስም ላይ ፓኬጅ ማለት ፕሮግራሙ፣ ፋይሎቹ የት የት እንደሚቀመጡና የትኛው ሌላ ፕሮግራም ከሌለ እንደማይሠራ የሚናገረው ማስታወሻ አንድ ላይ የታሰረበት ጥቅል ነው። ታዲያ ጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባይነሪ ፓኬጅ ይባላል፤ ተፈጭቶ ያለቀ ዱቄት ነው። ሌላው ሶርስ ፓኬጅ ነው፤ እህሉ።»

«ወፍጮውስ?»

«ወፍጮው ኮምፓይለር ነው። ሰው የሚያነበው፣ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ሶርስ ኮድ ይባላል። ኮምፓይለሩ ያንን ፈጭቶ ፕሮሰሰሩ ብቻ የሚረዳው ቁጥር ያደርገዋል። ዳጉሳና ጤፍ ለማስፈጨት ሲሄዱ ባለወፍጮው ድንጋዩን ያስተካክል የለ? ኮምፓይለሩም ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚፈጭ ይነገረዋል። ለ64 ቢት የተፈጨውን ለ32 ቢት መስጠት አይቻልም። ዱቄቱም ተመልሶ እህል አይሆንም።»

ይህ ንጽጽር እንዲሁ ለማስረዳት ያህል ብቻ የመጣ አይደለም፤ ነገሩ ሲታይም እንደዚያው ነው። ልጅቱ አዲሱን ላፕቶፕ ወደ መሀል ሳበችና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተች። «አፕት ሶርስ ሄሎ» ብላ ጻፈች። ሄሎ የግኑ ፕሮጀክት ለማስተማሪያ የሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሥራው አንድ የሰላምታ መስመር መጻፍ ብቻ ሲሆን፣ ዴቢያን ውስጥም አዲስ ገቢዎች ፓኬጅ አሠራርን የሚለማመዱበት እሱ ነው። ከ1 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ሰከንዶች አልፈጀበትም። ሦስት ፋይል ተዘረገፈ።

«ይቁጠሯቸው» አለች።

«ሦስት።»

«የመጀመሪያው በስሙ ውስጥ ‹ኦሪጅ› የሚል አለበት። ደራሲው እንደጻፈው ያለ፣ ማንም ያልነካካው እህል ነው። ሁለተኛው ‹ዴቢያን› ይላል፤ የዴቢያን ሰዎች የጨመሩት ማስተካከያና እንዴት ተፈጭቶ እንደሚታሰር የሚናገረው መመሪያ ነው። ሦስተኛው ‹ዲ ኤስ ሲ› ይባላል። ደረሰኝ በሉት፤ ሁለቱ ፋይሎች በመንገድ ላይ እንዳልተለወጡ የሚመሰክር ቁጥርና ያዘጋጀው ሰው ዲጂታል ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው።»

መምህሩ ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያሄዱ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ቆም አሉ። «ከእነዚህ ከአንዱም ስም ላይ ‹ኤ ኤም ዲ 64› የለም።»

«የለማ!» ልጅቱ በደስታ ጠረጴዛውን መታ አደረገች። «እህል ላይ የወፍጮ ስም አይጻፍም። አሁን ልፍጨውና ይዩት።»

ሄሎ የሚለውን የእንግሊዝኛ ሰላምታ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ፈለገችና በላዩ «ጤና ይስጥልኝ ዓለም» ብላ ተካችበት። ከዚያ የማሰሪያውን ትእዛዝ ሰጠች። መስመሮች በፍጥነት ወደ ላይ ተግተለተሉ፤ ድንገትም ቀይ ጽሑፍ መጣና ሥራው ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«ፈተና ወደቀ» አለች። «ሶርስ ፓኬጁ ከራሱ ጋር ፈተና ይዞ ነው የሚዞረው። ፕሮግራሙ በትክክል ‹ሄሎ ዓለም› ማለቱን በእንግሊዝኛው ቃል እያመሳከረ ያርማል። እኔ መልሱን ቀየርኩበት፤ ፈተናውን ግን አልቀየርኩም።»

አርባ ዓመት ግድም ፈተና ያረሙት መምህር ፊታቸው በራ። «ይህንን ያሰበ ሰው አስተማሪ መሆን አለበት» አሉ።

ልጅቱ በፈተናው ፋይል ላይ ያለውንም ሰላምታ ወደ አማርኛ ለውጣ ደገመችው። ለሕዝብ ለሚወጣ ሥራ ትክክለኛው መንገድ የትርጉም ፋይል መጨመር እንጂ ዋናውን ጽሑፍ መነካካት እንዳልሆነ ነገረቻቸው፤ ይህ ለማሳየት ያህል ነው። በዚህኛው ዙር አልፎ አንድ አዲስ ፋይል ወጣ። በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ ኤም ዲ 64» ተጽፎበታል።

«አሁን መጣ» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። «የወፍጮው ስም አሁን መጣ።»

ብዙ ሰው ሊኑክስን ለዓመታት እየተጠቀመም ይህን ልዩነት ሳያስተውል ይኖራል። ከዴቢያን ማከማቻ አንድ ፕሮግራም ሲጭን የሚወርድለት ዱቄቱ ነውና እህሉን የሚፈልግበት ጊዜ እምብዛም ነው። እህሉ ግን ሁልጊዜ አለ። ዴቢያን 12 ለ9 ዓይነት የፕሮሰሰር ቤተሰቦች ይወጣል፤ ሶርስ ፓኬጁ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዘጠኙም ዱቄት ከዚያው ከአንዱ እህል ይፈጫል። ሊኑክስ ከርነል ላይ ደግሞ እህሉን መስጠት ውዴታ ብቻ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1992 ከርነሉን ጂ ፒ ኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አደረገው። ዱቄቱን የሰጠህ ሰው እህሉን ስትጠይቀው ሊነፍግህ አይችልም ማለት ነው። በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራውም በሊኑክስ ከርነል ስለሆነ ይኸው ግዴታ ስልክ አምራቾችንም ይይዛል።

«ስልኬም ሊኑክስ ነው?» መምህሩ ስልካቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡት።

«ከርነሉ አዎ። ፕሮሰሰሩ ግን አርም የሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። ለዚህ ላፕቶፕ የተፈጨውን እዚያ ላይ ልጫን ቢሉ አንዱንም ትእዛዝ አይረዳውም።»

«ቆይ እስቲ። ፕሮግራሙስ ይሁን፤ ከርነል የምትይው ራሱ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውና እስኪጠፋ የማይተኛው ፕሮግራም ነው። ለእገሌ ይህን ያህል ራም፣ ለእገሊት ይህን ያህል የፕሮሰሰር ጊዜ እያለ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሃርድ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን፣ ኔትዎርኩን የሚያዘውም እሱ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሃርድዌሩን በቀጥታ አይነኩም፤ ከርነሉን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ወደ ፕሮሰሰሩ ጀርባ የሚጠጋው ከርነል ነው። መምህር፣ ጥር 23 ፈረሰኞቹን ሲያዩ ኮርቻ በፈረሱ ልክ ካልሆነ ምን ይሆናል?»

«ጀርባውን ይገጣጥበዋል» አሉ ወዲያው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ለእንጅባራም ለዳንግላም ሰው ማስረጃ የማያስፈልገው ነገር ነው። «አባቴ የፈረሱን ኮርቻ ለበቅሎ አያውስም ነበር።»

«ከርነልም እንደዚያ ነው።»

ኔትቡኳ ላይ አሁን የመጫኛው መስኮት መጥቷል። ልጅቱ ለአፍታ ወደ ትእዛዝ መስኮቱ ወጥታ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር አሳየች። ፍላግ በሚለው መስመር ላይ በአጭር በአጭር የተጻፉ ብዙ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ፕሮሰሰሩ የሚችለውን አንድ ነገር ይናገራሉ።

«እዚህ መካከል ‹ኤል ኤም› የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ፈልጉልኝ።»

መምህሩ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። «የለም።»

«አዲሱ ላይ ግን አለ። ‹ኤል ኤም› ካለ ማሽኑ 64 ቢት ይችላል፤ ከሌለ አይችልም። ፍላሽ ከመስካትዎ በፊት ይህን አንድ መስመር ቢያዩ ኖሮ ሌሊቱን ይተኙ ነበር። አሁን ደግሞ ‹ፒ ኤ ኢ› የሚለውን።»

«አለ።»

«እንግዲህ ለዚች ማሽን ዴቢያን 12 ሁለት ከርነል አዘጋጅቷል። አንዱ ‹686› ነው፤ ሌላው ‹686 ፒ ኤ ኢ›። ስሙ የመጣው ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን 386፣ 486 እያለ በቁጥር ይጠራ ከነበረበት ዘመን ነው። ፍርድ ቤት ቁጥር ብቻውን የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ስለወሰነ እ.ኤ.አ. በ1993 አምስተኛውን ፔንቲየም አለው። በሊኑክስ ሰፈር ግን ቆጠራው ቀጠለ፤ ፔንቲየም 586፣ በ1995 የመጣው ፔንቲየም ፕሮ 686 ተባለ።»

«ፒ ኤ ኢውስ?»

«32 ቢት አድራሻ ስንት ባይት ይደርሳል መምህር?»

ይህ የእሳቸው ሜዳ ነው። «2 ሲባዛ በራሱ 32 ጊዜ። 4 ቢሊዮን፣ 294 ሚሊዮን፣ 967 ሺህ፣ 296» አሉ ሳያንገራግሩ። «4 ጊጋባይት መሆኑ ነው።»

«ፒ ኤ ኢ አድራሻውን ወደ 36 ቢት ያሰፋዋል።»

«አሥራ ስድስት እጥፍ። 64 ጊጋባይት።» ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «ግን ይህች ልጅ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው ያላት። 64 ጊጋ የሚደርስ አድራሻ ምን ያደርግላታል? ያለ ፒ ኤ ኢው አይበቃትም?»

ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱን የማያውቁ ባለሙያዎችም አሉ። ልጅቱ እንዳስረዳቻቸው፣ የፒ ኤ ኢ ከርነል በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሚመረጠው ለራም ብዛት ሳይሆን ለጥበቃ ነው። ፕሮሰሰሩ «እዚህ ቦታ ላይ ያለው ዳታ ነው፤ እንደ ትእዛዝ አታስኪደው» ብሎ የሚያጥርበት ምልክት አለው። በ32 ቢት ከርነል ላይ ያ ምልክት የሚቀመጠው በፒ ኤ ኢ የአድራሻ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው። ቫይረስ ዳታ መስሎ ገብቶ ትእዛዝ ሆኖ እንዳይነሳ የሚከለክለው አንዱ አጥር ይህ ነው። የመጫኛው ፕሮግራምም ጠይቆ ሳያስቸግር ራሱ ፒ ኤ ኢውን መረጠ።

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ኤል ኤም» እና «ፒ ኤ ኢ» ብለው ጻፉ።

«አንድ ነገር ሰምቻለሁ» አሉ ቀጥለው። «ከርነሉን ከሶርሱ ራስህ ለፕሮሰሰርህ ብትፈጨው ማሽኑ ይፈጥናል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ድሮ ትንሽ እውነት ነበረው። ዴቢያን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው እትም ለ486፣ ለ686፣ ለኤ ኤም ዲው ኬ 7 የተለያየ ከርነል ነበረው። አሁን ግን ከርነሉ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ይመረምርና አንዳንድ የራሱን ትእዛዞች በተሻሉት እዚያው ይተካል። በአንድ ፕሮሰሰርም በብዙ ፕሮሰሰርም ላይ አንዱ ከርነል የሚበቃው ለዚህ ነው። ለፍጥነት ብሎ ከርነል መፍጨት ለጀማሪ አልመክርም። ሶርሱ ተጨምቆ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ሲዘረጋ 1 ጊጋባይት ያልፋል። ጽሑፉ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። በዚች ኔትቡክ ይፈጭ ቢባል መብራት ሳይሄድ መጨረስ ቀርቶ ቀኑም አይበቃም። የግድ ከሆነም በትልቁ ማሽን ለትንሿ መፍጨት ይቻላል።»

ሠላሳ ሚሊዮኑ መስመር ከትንሽ ነው የጀመረው። ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ያወጣው የመጀመሪያው ሊኑክስ 10 ሺህ መስመር ያህል ብቻ ነበር። የጻፈውም ለገዛ ኮምፒውተሩ፣ ለ386 ፕሮሰሰር ነው፤ ወደ ሌላ ማሽን ይሻገራል ብሎም አልጠበቀም። ግን እህሉ በየሰው እጅ ነበርና ሌሎች ለሌላ ወፍጮ አዘጋጁት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 አልፋ በሚባል ፈጽሞ የተለየ ፕሮሰሰር ላይ ይሠራ ነበር። ዛሬ ከእጅ ሰዓት እስከ ሱፐር ኮምፒውተር ድረስ አለ። የተወለደበትን 386 ግን ትቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 3.8 እትም ጀምሮ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ አይነሳም።

«እንግዲያው የእኔዋም ተራዋ ይደርሳል» አሉ መምህሩ።

«ደርሷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ማሽን ከርነልም መጫኛም የለውም። ዴቢያን 12 የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ 2028 አጋማሽ ነው። ኡቡንቱ ከዚያም ቀድሞ ነው ያቆመው።»

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ለተማሪዎች የመጡትን አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ብዙ ሰው ያስታውሳቸዋል። ኤክስ ኦ የሚባሉት እነዚያ ማሽኖች 433 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ጂኦድ የተባለ የኤ ኤም ዲ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም ነበራቸው፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነው። ጂኦድ ለባትሪ ቁጠባ የተሠራ እንግዳ ፕሮሰሰር ነው። የ686ን ትእዛዞች አብዛኞቹን ያውቃል፤ «ምንም አትሥራ፣ እለፍ» የምትለውን አንዷን ረጅም ትእዛዝ ግን አያውቅም። በአንዲት ባዶ ትእዛዝ ምክንያት ለ686 የተፈጨ ፕሮግራም ጂኦድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከርነሉ ለጂኦድ ብቻ የሚሆን የመፍጫ ምርጫ አለው፤ ዴቢያንም ለብዙ ዓመት ያቺን ትእዛዝ ሳይጠቀም እየፈጨ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በዴቢያን 12 ግን በቃ አለ። ሶርሱ በእጁ ያለ ሰው አሁንም ለጂኦድ ሊፈጭለት ይችላል። ዱቄት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ግን ያለው ምርጫ በድሮ እትም መቆየት ወይም ማሽኑን መጣል ነው። ለእነዚያ ላፕቶፖች የኢትዮጵያ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ተሠርቶላቸው እንደነበርም መዘንጋት የለበትም።

የፊደሉ ነገር ልጅቱን ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰዳት። አዲሱን ላፕቶፕ እንደገና ሳበችው።

«መምህር፣ ለእኛ ሶርስ ፓኬጅ ዋጋው ፍጥነት ላይ አይደለም። ይህን ይዩ።»

ጂ ሊብ ሲ የሚባል ፓኬጅ አለ። ከከርነሉ ቀጥሎ የሚገኝ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት ምሰሶ ነው። በሶርሱ ውስጥ የየአገሩና የየቋንቋው ልማድ የተጻፈበት ፎልደር አለው፤ የቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የቀን አጻጻፍ፣ የገንዘብ ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተል። ለአንድ ቋንቋ በአንድ አገር አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ልጅቱ ማሽኑን ወደ አማርኛ አዙራ የቀናቱን ስም እንዲዘረዝር ጠየቀችው። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ እስከ ቅዳሜ ጻፈ። ቀጥላ ወራቱን ጠየቀችው።

«ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች...» መምህሩ እስከ ዲሴምበር አነበቡና ቀና አሉ። «መስከረም የት ሄደች? ጳጉሜንስ?»

«ፊደሉ የእኛ ነው፤ ወራቱ የፈረንጅ ናቸው። ጳጉሜንን መጨመር ደግሞ በዚህ ፋይል ብቻ አይሆንም። ከሥሩ ያለው የሲ ቋንቋ ወራትን ከ0 እስከ 11 ብሎ ቆጥሮ ዘግቷቸዋል፤ አሥራ ሦስተኛ ወንበር የለም።»

«እነማን ናቸው ያሉት? ከእኛ አገር?»

ልጅቱ የፎልደሩን ዝርዝር እየጠራች ነገረቻቸው። አማርኛ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ግዕዝም አለ። ከዚያ ጣቷን አንድ ስም ላይ አቆመች። «ይህ ብሌን ነው።»

«ብሌን? የከረኑ?»

«የከረኑ። የኤርትራው።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ብሌን የአገው ቋንቋ ነው፤ በእንጅባራ አካባቢ ለሚነገረው ለአዊኛና ለኽምጣና የእናት ልጅ ማለት ነው። የአገው ቋንቋዎች የሚጻፉበት፣ አማርኛ የማያውቀው ጘ የሚለው ፊደል ከነቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1999 ከቀረው የኢትዮጵያ ፊደል ጋር ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። አዊኛ በአዊ ዞን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ነው። ፊደሉ አለ፣ መጽሐፉ አለ፣ ተናጋሪው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

«የእኛስ?» አሉ።

«ፈልጉት።»

ፈለጉት። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሄዱበት።

«የሚከለክለን ሰው አለ?»

«ማንም የለም መምህር። ሶርሱ ይኸው ፊትዎ ነው። የሚያስፈልገው ፕሮግራመር ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰባቱ ቀናት፣ አሥራ ሁለቱ ወራት፣ አዎ እና አይ፣ ቀን ሲጻፍ የትኛው እንደሚቀድም። ከእርስዎ ቃሉን ካገኘሁ በፋይሉ መልክ የማደራጀው እኔ ነኝ። ፈጭተን እዚሁ ላይ እንሞክረዋለን፤ ካለፈ ለጂ ሊብ ሲ ሰዎች እንልካለን። እነሱ ከተቀበሉት ዴቢያንም ኡቡንቱም ከዚያው እህል ነው የሚፈጩት፤ ለሁሉም ፕሮሰሰር ይደርሳል።»

ኔትቡኳ በዚህ መካከል ጭነቱን ጨርሳ ተነሳች። ልጅቱ ከርነሉን ስሙን ጠየቀችው፤ «6.1» ብሎ ጀምሮ በ«686 ፒ ኤ ኢ» የሚጨርስ አንድ መስመር መለሰ። መምህሩ ማንም ሳይረዳቸው ፈቱት፤ መጀመሪያ የከርነሉ እትም፣ መካከል ላይ ዴቢያን ያደሰበት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ወፍጮው። ከዚያ ደብተራቸውን ገለጡ። «ኤል ኤም» እና «ፒ ኤ ኢ» ከጻፉበት ገጽ ቀጥሎ አዲስ ገጽ አወጡና ከ1 እስከ 7 ቁጥር ደረደሩ። ቀናቱን በአዊኛ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ ላይ ቆመው ሰረዙት። «ይህን የዳንግላና የባንጃ ሰው እኩል እንደሚለው ማረጋገጥ አለብኝ» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

የአዊኛ ዓለም አቀፍ መለያ ሦስት ፊደል ነው፤ ኤ፣ ደብልዩ፣ ኤን። ፋይሉ ሲሠራ ስሙ ከእነዚህ ሦስት ፊደሎች ቀጥሎ የኢትዮጵያ መለያ የሆኑት ኢ እና ቲ የሚከተሉበት ይሆናል። በዴቢያን 12 ጂ ሊብ ሲ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ፋይል የለም።